የሰከንድ ሲሶ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከአንድ ሰከንድ ሲሶ ነው። ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ በግድ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሰው አልተገደለበትም። በዚያ ዘመን ሰው የተገደለበት ስንት ታሪክ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ታዲያ የእኔው ለምን? እያልኩ ስተወው ኖርኩ። አሁን ግን ተናድጃለሁ፤ ዝም የምልበትም ምክንያት አልቆብኛል።

ጡረታ የወጣሁት አምና ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የመሬት ማዳመጫ ይዤ ከባሌ ቆላ እስከ ጋምቤላ ዞሬያለሁ። ስለ ደመወዙና ስለ ጡረታ ወረቀቱ ምልልስ አልጽፍም፤ ያላየው የለም። ቤት መዋል ሲያቅተኝ እዚሁ ደሴ በቅዳሜና እሑድ ትምህርት ተመዝግቤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆንኩ። በስልሳ ዓመቴ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ የቤት ሥራዬን ከሁሉም ቀድሜ አስረክባለሁ፤ መምህርቷ ስትጠይቅ እጄን አወጣለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል። ድሮም እንዲህ ነበርኩ። መዘዜም የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

አንድ ቅዳሜ መምህርቷ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አሳየችን። ከወሎ ደጋ ተነሥቶ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መስመር ነው፤ ከሥሩ የመሬት ቅርፊት ውፍረት ተሥሏል። ቅርፊቱ ከደጋው ወደ ቆላው ቀስ እያለ ይሳሳል። ይህ ትክክል ነው። ኩታበር ሥር ሲደርስ ግን የቅርፊቱ ወለል ድንገት ወደ ላይ ጉብ ብሎ ይመለሳል።

"እዚህ ጋ ቅርፊቱ ባልተጠበቀ ሁኔታ ይሳሳል" አለች መምህርቷ። "ምክንያቱ እስካሁን አልታወቀም።"

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ፊቴን አይታ "አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ።

አላመመኝም። ምክንያቱን ስለማውቀው ነው። ኩታበር ሥር እንዲህ ያለ ጉብታ የለም። ጉብታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሃያ ዓመቴ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት።

በ1974 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ነበር። አባቴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ የአያቱ አባት ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበሩ ይባላል። በዚያ ዓመት የከርሰ ምድር ጥናት ቡድን ደሴ ገባ። ሥራው ለማስረዳት ቀላል ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ድማሚት ይቀበርበታል፤ ይፈነዳል። ድምፁ በመሬት ውስጥ ይጓዝና ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ አፈር ላይ የተተከለ ማዳመጫ ይቀበለዋል። ማዳመጫው ጂኦፎን ይባላል፤ ሹል እግር ያለው ጣሳ ይመስላል። ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ከታወቀ በምን ዓይነት ድንጋይ ውስጥ እንዳለፈና ድንጋዩ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይሰላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ በትክክል መታወቅ አለበት፤ ሰዓቱና ቦታው። ሰዓቱ የጋሽ ወርቅነህ ነበር። ቦታው የእኔ።

የቡድኑ መሪ ጓድ ጌታሁን ይባላል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከላይ ለመጣ ሰው ሁሉ ዝግጁ የሆነ ሰው ነበር። ማመልከቻዬን ሲያይ "ይሄ ልጅ ማተሚያ ቤት ነው!" ብሎ ወዲያው መዝጋቢ አደረገኝ። የጻፍኩትን የፍንዳታ መዝገብ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። እኔም መዝገቡን እንደ ሙሽራ እይዘው ጀመር።

ጋሽ ወርቅነህ ሰዓትና ማዳመጫ ነው የሚጠብቁት። ሃምሳን የተሻገሩ፣ አጭር፣ ሁልጊዜ እርሳስ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። ጂኦፎን ተክለው ሲጨርሱ ዙሪያውን በተረከዛቸው ይጠቀጥቁታል፤ ቀጥለው ተንበርክከው በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና መቅጃ መሣሪያው ጋ ላለው ሠራተኛ ይጮኻሉ፦ "አየኸኝ?" መልሱ "አየሁዎት" ካልሆነ ነቅለው እንደገና ይተክላሉ። ተቀምጠው ሲጽፉ አይቼ አላውቅም። የሚጻፈው ነገር ያለበት ቦታ ላይ ቆመው ነው የሚጽፉት። ሲሳሳቱ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰርዙና ከጎኑ ይፈርማሉ፤ የተሰረዘው ከሥር እንዲነበብ ነው።

ሰኞ ቀን ደሴ አካባቢ ፍንዳታ አይፈቅዱም ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው መቅጃው የሣለበትን አንድ የቅጂ ወረቀት ዘርግተው የሚንቀጠቀጠውን መስመር አሳዩኝ።

"ይሄ ምን ይመስልሃል?"

"ብልሽት?"

"የአባትህ ደንበኞች እግር ነው። ገበያው ሲሞላ መሬቱ እንዲህ ይሆናል።" ዝቅ ያለውን ሌላ መስመር አሳዩኝ። "ይሄኛው ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ የአሰብ ተሳቢ መኪና ነው። ሾፌሩ ፍሬን ይዟል።"

የእኔን መዝገብ ግን አይወዱትም። አንድ ቀን አገላብጠው አይተው "ስርዝ የለውም" አሉኝ። ያመሰገኑኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። "ሰው ሜዳ ላይ ሆኖ ስርዝ የሌለበት መዝገብ እንዴት ይጽፋል?" ብለው ጨመሩ።

እንዴት እንደምጽፈው ልናገር። ፍንዳታው በሚቀጥለው ቀን ከሆነ፣ ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ከዕቅዱ ላይ የጉድጓዱን ቦታ፣ ጥልቀቱንና የድማሚቱን መጠን ሁሉ አስቀድሜ እሞላለሁ። ሜዳ ላይ አቧራና ላብ አለ፤ ገጹ ይበላሻል። ፍንዳታው ሲያልቅ የምጨምረው ሰዓቱን ብቻ ነው። ይህን ማንም አላዘዘኝም። የራሴ ፈጠራ ነው። ጓድ ጌታሁን ሲያየው "ሥራው ሳይሠራ ሪፖርቱ የሚያልቅ ቡድን!" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ያ መታ ማድረግ ለስንት ወር ሞቆኝ እንደነበር ሳስብ አሁንም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሚያዝያ ላይ የመስመሩ ጫፍ የሆነውን የኩታበሩን ፍንዳታ ልናደርግ ወጣን። በዕቅዱ ጉድጓዱ ያለው አንድ ጥቁር ድንጋይ ጋራ ላይ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ማዳመጫ ጋራው ላይ ተክለው፣ እሳቸው ሌላኛው ጫፍ ላይ ሊጠብቁ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ወርደዋል። መቆፈሪያው ሁለት ቀን ጋራውን ሲታገል ውሎ ጥርሱ ተሰበረ። ሪፖርቱ ከሰኔ ሠላሳ በፊት አዲስ አበባ መግባት አለበት። ጓድ ጌታሁን መሬቱን ሰደበው፤ መካኒኩን ሰደበው። ከዚያ ቁልቁል ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ሾላ ምንጭ ከሚባለው ውሃ በላይ ቆመና መሬቱን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገ።

"እዚህ። ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብ መሬት ድምፅ አያባክንም።"

የመጨረሻው እውነት ነው። ጋሽ ወርቅነህም ይሉታል። እሳቸው ግን ውሃ ካለበት ቦታ አጠገብ ድማሚት አይቀብሩም።

መቆፈር ስንጀምር ሼህ ይማም አራት ሰዎች አስከትለው መጡ። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ገበሬ ናቸው፤ ለልጆች ቁርአን ያስቀራሉ።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ምን ልትቀብሩብን ነው?"

"ሳይንስ" አለ ጓድ ጌታሁን። ሾፌሩ ሳቀ።

"እንግዲያው ሳይንሳችሁን ትንሽ ፈቀቅ አድርጉልን። በበጋ ከዚህ ሌላ ውሃ የለንም። ከብቱም የሚጠጣው፣ እኛም ለሶላት ውዱእ የምናደርገው ከዚሁ ነው።"

"አባቴ፣ የሚፈነዳው ከመሬት በታች ነው። ውሃችሁን አይነካም።"

"ውሃውስ የት ያለ መስሎህ ነው? እሱም እኮ ከመሬት በታች ነው።"

ከኋላቸው ያሉት ሰዎች ሳቁ። ጓድ ጌታሁን አልሳቀም። ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?"

"የአሕመድ። የጨርቅ ነጋዴው።"

"የአሕመድ! ለልጄ ኒካህ ጨርቁን የቆረጠልኝ እሱ ነው። በል ንገራቸው እንጂ ልጄ።"

መዝገቤን ገለጥኩና የሚነበብ ነገር እንዳለው ሰው አቀረቀርኩ።

በማግስቱ አፈነዳን። መሬቱ ከእግራችን ሥር እንደ በሬ ትከሻ አንድ ጊዜ ደነገጠ። ወርጄ ምንጩን አየሁት፤ ውሃው ቡናማ ሆኖ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጨርሶ ቆመ።

ድንኳን ስንመለስ መዝገቡን ከፈትኩ። ገጹ ላይ የተጻፈው የጋራው ቦታ ነው። ለማስተካከል አምስት መስመር መሰረዝ ነበረብኝ። ጓድ ጌታሁን በትከሻዬ በኩል አይቶ "ተወው፤ ያው ኩታበር ነው። ይሄን የመሰለ ገጽ አታበላሽ" አለኝ። ታዝዤ ነው ብል ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት።

ሼህ ይማም ደሴ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። ኩታበር ገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጉባኤ ተጠራ። አንድ ካድሬ ከደሴ መጣ። ጓድ ጌታሁን መዝገቡን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ ገባ።

"ፍንዳታው ከምንጩ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው" አለ መዝገቡን እየገለጠ። "ምንጩ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ተሞክሮ የተተወ ነው። ፈንጂ አልገባበትም።"

"ሀገሩ ሁሉ ያየውን?" አሉ ሼሁ።

"ሀገሩ ሁሉ የሚያየው ነገር በዚህ ሰሞን በዝቷል" አለ ካድሬው። "እኛ የምናየው ሰነድ ነው።"

ሼሁ በጣታቸው አሳዩኝ። "ይኸው፣ የጻፈው ይህ ልጅ ነው። እስላም ነው። ጉድጓዱ ጋራው ላይ ነበር ብሎ ወላሂ ይበል፤ እኔም አቤቱታዬን ልተው፣ የፈለጋችሁትንም ቅጡኝ።"

በእኛ አገር ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ካድሬው ግን ጠረጴዛውን መታ።

"እዚህ መሐላ ብሎ ነገር የለም! የመንግሥት ሥራ በመሐላ አይመረመርም። ጓድ ሰዒድ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው" አልኩ።

በቃ። ሌላ ቃል አልተናገርኩም። አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ አልወጣችም፤ ይበልጥ የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ሼህ ይማምን የልማት ሥራ በማደናቀፍና ሕዝብ በማነሣሣት ተብለው እዚያው ከጉባኤው ወሰዷቸው። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። አልተሳደቡም። ጫማዬን አዩት፤ የምንጩ ጭቃ አሁንም ነበረበት።

ጋሽ ወርቅነህ ከኮምቦልቻ ወረቀቶቻቸውን ጠቅልለው መጡ። እኛ ከኩታበር አፈንድተን እሳቸው ኮምቦልቻ ተቀብለዋል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ከኮምቦልቻ ፈንድቶ ጋራው ላይ የተተከለው ማዳመጫ ተቀብሏል። ድምፅ ሲሄድም ሲመለስም የሚጓዘው አንድ መንገድ ነው፤ ስለዚህ የሚፈጀው ጊዜ እኩል መሆን አለበት። ይህ የሙያው የመጀመሪያ ፈተና ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጓቸው። አልገጠሙም። ከኩታበር የሄደው የሰከንድ ሲሶ ቀድሞ ደርሷል። ቀድሞ የደረሰ ድምፅ ደግሞ በስሌቱ ላይ ቅርፊቱን የሳሳ ያስመስለዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን መዝገቡን ይጠረጥር ነበር። ጋሽ ወርቅነህ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ራሳቸውን ነው። የሰዓቱን ሳጥን ፈቱት። የሬዲዮውን የሰዓት ምልክት እያዳመጡ፣ በእርሳሳቸው ነጥብ እየጣሉ፣ እንደገና ገጠሙት። እንደገና ፈቱት። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆኑ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ብሎኖቹን በሰሃን አቀብላቸዋለሁ። ጓድ ጌታሁን በበኩሉ ነገሩ ተመችቶታል፤ በሰዓት ጥበቃ ቸልተኝነት ተብሎ ከሥራቸው እንዲነሡ ደብዳቤ አስጻፈ። ደብዳቤውን አሳምሮ የጻፈው ማን ይመስላችኋል?

አንድ ጠዋት መፍቻውን አስቀምጠው ዓይናቸውን አሹ።

"ሰዒድ፣ እርጅና ነው መሰለኝ። ጆሮዬ ምልክቱን ዘግይቶ እየሰማ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢተካኝ ነው የሚሻለው።"

ያኔ ተናገርኩ። ሼሁ ታስረው ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ለሳቸው ያልተከፈተው አፌ ለሰዓት ተከፈተ።

ጋሽ ወርቅነህ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ስንት ነው?" አሉ።

"ምኑ ጋሼ?"

"ርቀቱ።"

"ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ።"

"በሰከንድ ስድስት ኪሎ ሜትር ቢጓዝ..." ጣታቸውን ቆጠሩ። "ሲሶ!" ብለው ሳቁ። ሰዓታቸው ደኅና ነው፤ ጆሯቸው ደኅና ነው። ሳቁ ግን ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። "እኚያ የታሰሩት ሽማግሌ በዚህ ነው?"

"አዎ።"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ብሎን ስታቀብለኝ ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ተነሣ።"

ወዲያው ኩታበር ወጣን። የመለኪያ ሰንሰለቱን አሸክመውኝ ከጋራው እስከ ምንጩ ለካን። ከጉድጓዱ እስከ ምንጩ ሠላሳ እርምጃ ነበር። ባዶ እንስራ ያዘሉ ሴቶች ከሩቅ ውሃ ፍለጋ ሲያልፉ ቆመው አዩን።

"አሁን ደግሞ ምን ልታደርቁ መጣችሁ?" አለች አንዷ።

ጋሽ ወርቅነህ መዝገቡን ከእቅፌ ወስደው ከፈቱና ብዕር ሰጡኝ። ተቀምጬ ልጽፍ ስል ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። አምስቱን መስመር ሰረዝኩ፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ቀጥሎ በካርቦን ሁለት የእርማት ወረቀት አስጻፉኝ።

ከዚያ በቀጥታ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገባን። ካድሬው እዚያው ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ሁለቱን የቅጂ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "ሰነድ ብለዋል አሉ። ይኸው ሰነድ። ይሄ ሲሄድ ነው፤ ይሄ ሲመለስ። ይህቺ ልዩነት ፍንዳታው በሁለት ኪሎ ሜትር ቀርቦ እንደነበር ትናገራለች። ሁለት ኪሎ ሜትር ከጋራው ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ያለው ምንጩ ነው።"

ካድሬው አልገባውም፤ እንዳልገባው ማሳየትም አልፈለገም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ገበሬ ነው። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አየት አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

"ልጁስ? አሁን ይምላል?"

ካድሬው በዚህ ጊዜ ጠረጴዛውን አልመታም።

"ወላሂ፣ ጉድጓዱ ከምንጩ ሠላሳ እርምጃ ላይ ነበር" አልኩ። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች አንድ ላይ ተነፈሱ።

ሼህ ይማም በሳምንቱ ተፈቱ። ከስተዋል፤ ያስላቸዋል። ከሰው መሐል ጠሩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"መዝገቡን አስተካከልከው?"

"አዎ ሼህ።"

"አዲስ አበባ የሚሄደውንም? ነገ ሌላ መጥቶ እዚህ ምንም አልፈነዳም እንዳይለን ነው። ውሃችንን የወሰደው ማን እንደሆነ ተጽፎ ይቀመጥልን።"

"አዎ፤ እሱንም" አልኳቸው።

ይህኛው ውሸት ነበር። ጓድ ጌታሁን ንጹሑን ግልባጭ አስቀድሞ ልኮታል። ጋሽ ወርቅነህ አንዱን የእርማት ወረቀት ሰጥተውኝ "አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት በእጅህ አድርስ፤ እኔን አይሰሙኝም" ብለውኝ ነበር። አልሰሟቸውምም፤ ሐምሌ ላይ ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ አዛወሯቸው፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እኔ በዚያው ሐምሌ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ። ወረቀቱን ካደረስኩ ቋሚነቴ ይሰረዛል ብዬ ፈራሁ፤ ሣጥኔ ሥር አስቀመጥኩት። የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ሪፖርቱ የሆነ ቦታ ጠፍቶ ይቀራል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሾላ ምንጭ አልተመለሰም። የሼሁ ቤተሰብ ወደ ገራዶ ወረደ፤ ሼሁም እዚያው አረፉ። ሪፖርቱ ግን አልጠፋም። አርባ ዓመት ሙሉ አንዱ ከሌላው እየቀዳ፣ ውሃ ያደረቀው ፍንዳታ ባልነበረበት ቦታ ተቀምጦ፣ እነሆ ለተማሪዎች ትምህርት ሆነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእርማት ወረቀቱን ይዤ ከክፍል በፊት መምህርቷ ጋ ሄድኩ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በራሷ እርሳስ ሁለት ኪሎ ሜትሩን ለስድስት አካፈለች።

"ለምን እስካሁን ዝም አሉ?" አለችኝ።

"ሰው ደስ እንዲለው ብዬ።"

"ማን?"

የጓድ ጌታሁን ስም እንኳ አፌ ላይ አልመጣም።

ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አትማ ክፍል ገባችና ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። ጉብታው ላይ በቀይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች፤ የተሰረዘው ከሥሩ ይነበባል። ምንጩ ያለበትን ቦታ እንዳሳይ ብዕሩን ሰጠችኝ። ነጥብ አድርጌ "ሾላ ምንጭ፤ ፍንዳታው እዚህ ነበር፤ ውሃው በሦስተኛው ቀን ደረቀ" ብዬ ጻፍኩ። ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት መጻፍ ስላልለመድኩ ጽሕፈቱ አስቀያሚ ሆነ። ቆሜ ፈረምኩ፤ ከፊርማዬም ሥር ቀኑን አሰፈርኩ፦ ቅዳሜ፣ ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.